የሺሺንዳ ልጆች ልክ

ይህ ነገር መጻፍ የሚገባው ስለመሆኑ እርግጠኛ አይደለሁም። የሞተ ሰው የለበትም፣ የተሰረቀ ነገር የለበትም፣ የተጣላ እንኳ የለበትም። ያለበት አንድ ልብስ ሰፊ፣ ሁለት ሰማያዊ ቀሚሶችና የአንዲት የአሥር ዓመት ልጅ ጣት ብቻ ነው። ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለቴም «ማን ያነበዋል?» ብዬ ቀድጄዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ግን ከክፍል ወጥቼ በቦንጋ መናኸሪያ ጀርባ ሳልፍ፣ የከሰል ካውያ እርጥብ ጨርቅ ላይ ሲያርፍ የሚወጣው ሽታ ድንገት መጣብኝ። ጭስም እንፋሎትም ያልሆነ፣ ትንሽ የተለበለበ ፀጉር፣ ትንሽ ዝናብ የመታው አፈር የሚመስል ሽታ ነው። ደብተሬን ታቅፌ እንደቆምኩ ቀረሁና፣ ባለባጃጁ ጥሩምባውን ነፍቶ «እህቴ፣ መንገዱን ገዝተሽዋል እንዴ?» እስኪለኝ ድረስ የት እንዳለሁ ረሳሁ።

ቤታችን ከቦንጋ ራቅ ባለች ትንሽ ከተማ፣ ሺሺንዳ ውስጥ፣ ከአውቶቡስ መቆሚያው ወደ ገበያው በሚያስገባው መንገድ ዳር ነበር። ሁለት ክፍል ነበረው፤ በረንዳው እንደ ሦስተኛ ክፍል ይቆጠር ነበር፣ አባዬ በእግር የሚረገጠውን የስፌት መኪናውን እዚያ አስቀምጦ ከጠዋት እስከ ማታ ይሰፋ ስለነበር። አገሩ ዝናብ የሚበዛበት ስለሆነ፣ የመኪናው ድምፅና ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ተቀላቅለው ያደግኩባቸው አንድ ድምፅ ነበሩ፤ ሁለት መሆናቸውን የማውቀው ዝናቡ አባርቶ መኪናው ብቻውን ሲቀጥል ነበር። ከአባዬ ጀርባ ባለው የጭቃ ግድግዳ ላይ ምስማሮች በረድፍ ተመትተው ነበር፤ በየምስማሩም ላይ ሲባጎዎች ተንጠልጥለው ነበር።

አንድ ምስማር ለአንድ ቤተሰብ፣ አንድ ሲባጎ ለአንድ ልጅ ነበር። ልጅ ትምህርት ቤት ሊገባ ሲል እናቱ ይዛው ትመጣና፣ አባዬ ሲባጎውን ከትከሻው ወደ ታች ለቅቆ ወገቡ ላይ አንድ፣ ጉልበቱ ላይ አንድ ይቋጥር ነበር። በየዓመቱም ልጁ ሲመለስ ከአምናው በታች አዲስ ቋጠሮ ጨምሮ፣ ቋጠሮዎቹን በጣቱ እየዳሰሰ በቋንቋችን በካፊኖኖ «ኢኮ፣ ጉቶ፣ ኬሞ» እያለ ይቆጥር ነበር። ሜትር ስላልነበረው አይደለም፤ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ ይውል ነበር፣ ግን እሱ ለመምህራንና ለቢሮ ሰዎች ሱሪ ነበር። «ሜትር የሚነግርሽ ዛሬን ብቻ ነው፤ ሲባጎ አምናንም ይነግርሻል» ይለኝ ነበር። አንድ ነሐሴ የጎረቤታችንን የእትዬ ወርቄን ልጅ፣ የእኔን እኩያ አስቴርን ሲለካ፣ አዲሱ ቋጠሮ ከአምናው ላይ ሊያርፍ ሆነ። አባዬ ሲባጎውን ደጋግሞ አየና ለእትዬ ወርቄ «ይቺ ልጅ ቆማለች፤ ጤና ጣቢያ ውሰጃት» አላት። ወሰደቻት፤ የሆድ ትል ነበር። በሚቀጥለው ዓመት የአስቴር ቋጠሮ ከእኔ በሁለት ጣት በልጦ ሲወርድ፣ እትዬ ወርቄ በረንዳው ላይ እልል ብላ መንገደኛውን ሁሉ አስቆመች።

የዓመቱ ዋና ሥራ በክረምት ነበር። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ሰማያዊው ጨርቅ በጣቃ መጥቶ ቤቱን ይሞላውና፣ እኔና እማዬ በጨርቅ መካከል እየተሽለኮለክን እንበላ፣ በጨርቅ ላይ እንተኛ ነበር። አባዬ የትምህርት ቤታችንን ዩኒፎርም ሁሉ ብቻውን ይሰፋ ነበር። በእያንዳንዱ ቀሚስና ሱሪ ግርጌ አራት ጣት የሚሆን እጥፋት ይተው ነበር፤ ይህም የእድገት እጥፋት ይባል ነበር። ልጁ በዓመቱ ሲረዝም እናቱ ልብሱን ትመልሰውና፣ አባዬ ስፌቱን ተርትሮ፣ አንድ ጣት ከግማሽ ያህል አውርዶ፣ በካውያ ተኩሶ ይመልስላት ነበር። አንድ ልብስ ሦስት ዓመት፣ ጥንቁቅ ልጅ ከሆነም አራት ዓመት ይለበስ ነበር። ፀሐይ ያልነካው የእጥፋቱ ውስጥ ደማቅ፣ ከላይ ያለው የደበዘዘ ስለነበር፣ ሁላችንም ግርጌያችን ላይ መስመር ነበረን። የአንዱ ሁለት፣ የአንዱ ሦስት ይሆናል፤ የባለ ወፍጮው ልጅም የኩሊው ልጅም መስመር ነበራቸው። ስለዚህ መስመር ያሳፍራል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ቡና ለቀማው ሲጀምር ደግሞ የአባዬ መኪና ፊቱን ወደ ትልልቅ ሰዎች ያዞር ነበር። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሰው እጁ ላይ ብር ስለሚያይ፣ የጥር ሠርግ ያለበት ሁሉ ኮት ሊያስለካ በረንዳችን ላይ ይሰለፍ ነበር። ከጫካ ማር ቆርጠው የሚመጡ ሰዎች እጃቸውን በደንብ ሳይታጠቡ ጨርቅ ይነኩና፣ አባዬ «ኮቱ ራሱ ያጣብቃል፤ ሙሽራዋ ዳግመኛ አትለቅህም» እያለ ያስቃቸው ነበር። በጋው እንዲህ እያለ ያልቅና በልጉ ሲገባ ሥራው ይቀዘቅዝ ነበር። ያኔ አባዬ መኪናውን ፈትቶ፣ ዘይት አጠጥቶ፣ መልሶ ይገጥም ነበር፤ እማዬም ከጓሮ እንሰቷን ስትፍቅ ቆይታ መጥታ «ለእኔም ወገብ ትንሽ ዘይት ባደረግክልኝ» ትለው ነበር።

አባዬ አስራት የሚባል ታናሽ ወንድም ነበረው። ስፌት የተማሩት ከአንድ ሰው፣ በአንድ መኪና ላይ፣ እየተፈራረቁ ነበር፤ እንዲያውም አባዬ ቀድሞ ስለለመደ የአንገት አሰፋፍን ለአጎቴ ያስተማረው እሱ ነበር። እኔ ሳልወለድ አጎቴ ቦንጋ ገብቶ ከመናኸሪያው አጠገብ እግር የማታስዘረጋ ጠባብ ክፍል ሲይዝ፣ ዘመድ ሁሉ አዝኖለት ነበር አሉ። «ውኃ ሳይቀር ገዝቶ የሚጠጣበት አገር ምን ሊሆን ሄደ?» ይሉ ነበር፤ እማዬም ቆጮ ጠቅልላ በአውቶቡስ ትልክለት ነበር። እኔ ነፍስ ሳውቅ ግን ነገሩ ተገልብጦ፣ አጎቴ ነበር በየበዓሉ ሳሙናና ዘይት ይዞ የሚመጣልን። መንገዱ ተሻሽሎ፣ ቢሮዎቹ በዝተው፣ ዩኒቨርሲቲው ተከፍቶ ቦንጋ ስትሰፋ፣ ያቺ ጠባብ ክፍል በሰውና በገንዘብ መካከል ተቀምጣ ተገኘች፤ አጎቴም ጎረቤቷን ክፍል ጨምሮ፣ ቦታውን በስሙ አድርጎ፣ የእግሩን መኪና ትቶ በመብራት የሚሠሩ ስድስት መኪናዎችን ደረደረ። እጁ ከአባዬ እጅ አይበልጥም ነበር። ይህን እሱም ያምን ነበር።

አጎቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን ቀድሜ መጻፍ አለብኝ። ሲመጣ ቤቱ በሳቅ ይሞላ ነበር። «ጋሼ፣ ይቺ መኪና እኮ ካንተ በፊት ጡረታ መውጣት ነበረባት» ሲለው፣ አባዬ ቀና ሳይል «እሷ ጡረታ ከወጣች ምን ልረግጥ ነው? አንተን?» ይለው ነበር። ከዚያ አጎቴ በርጩማ ስቦ አጠገቡ ይቀመጥና፣ ከለመደበት መኪና ጋር ተገናኝቶ እንደሆነ ሁሉ አንዱን ሱሪ ተቀብሎ ጨርሶለት ይሄድ ነበር።

መንገዱ የተሠራ ጊዜ ሺሺንዳ ሁሉ ደስ ብሎት ነበር። ብዙ ነገር ወደ እኛ ይመጣል ብለን ነበር፤ መንገዱ ግን ሲያመጣ ትንሽ፣ ሲወስድ ብዙ ሆነ። መጀመሪያ ፎቶ አንሺው ሄደ፣ ቀጥሎ ሬዲዮ ጠጋኙ፣ ቀጥሎ ጫማ ሰፊው። «ቦንጋ ገባ» ይባል ነበር፤ መጀመሪያ ጊዜ ሲባል እንደ ሠርግ ዜና ነበር፣ በኋላ በኋላ ግን ሰዎች እንደ መርዶ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይሉት ጀመር። መምህራኑ ደመወዝ እንደተቀበሉ ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፍረው ሄደው ማታ ተሰፍቶ ያለቀ ሱሪ ገዝተው ይመለሱ ነበር። ለአባዬ የቀረው የሱሪውን እግር ማሳጠር ነበር። ሠርገኞቹም ኮታቸውን ከቦንጋ መከራየት ጀመሩና፣ በጥር ወር እንኳ ዝናቡ ሲያባራ የመኪናው ድምፅ የማይሰማበት ቀን መጣ። ያኔ የዓመቱ ቀለባችን የተንጠለጠለው በክረምቱ ዩኒፎርም ላይ ብቻ ሆነ።

አራተኛ ክፍልን በጨረስኩበት ክረምት፣ ለአባዬ ከትምህርት ቤቱ ደብዳቤ መጣ። ከዚህ በኋላ የአካባቢው ትምህርት ቤቶች ዩኒፎርም ተጠቃሎ በአንድ ሰፊ እንዲሰፋ ተወስኗልና፣ መወዳደር የፈለገ አንድ የሴት ልጅ ቀሚስ በናሙናነት ይዞ እንዲቀርብ ይላል። በማግሥቱ አጎቴ መጣ። የዚያን ቀን ሳሙና አልያዘም፣ አልቀለደምም።

«ጋሼ፣ እኔም ልገባ ነው። እኔ ብተወው ሌላ ነው የሚወስደው፤ ቢያንስ ከቤተሰብ አይውጣ ብዬ ነው።»

አባዬ አፉ ላይ መርፌ ይዞ ነበር። መርፌውን አውጥቶ ኮሌታው ላይ ሰካና «ግባ እንጂ። ማን ከለከለህ?» አለው። አጎቴ ከሄደ በኋላ እማዬ ከውስጥ ወጥታ «ከቤተሰብ አይውጣ ነው ያለው? የትኛው ቤተሰብ?» ብላ ጠየቀች።

አባዬ ያንን ቀሚስ ሦስት ቀን ሰፋው፤ በሌላ ጊዜ በቀን አራት የሚሰፋ ሰው። በእኔ ሲባጎ ለክቶ፣ አንዱን ስፌት ሁለቴ ሄዶበት፣ ከግርጌው እጥፋት አምስት ጣት ተወ። እማዬ «ለልጅ ነው ለቀጭኔ?» ስትለው «በጨርቅ እንዳልሰሰትኩ እንዲያዩ ነው» አላት። አንድ ልብስ አራት ዓመት እንደሚያገለግል ማየት የማይፈልግ ሰው ይኖራል ብሎ አላሰበም። በሄድንበት ጠዋት ከግድግዳው ላይ ሲባጎዎቹን ሁሉ አውርዶ፣ በየቤተሰቡ አስሮ፣ በፌስታል ይዞ ወጣ። እኔን ይዞኝ የሄደው ቀሚሱን እንድለብስላቸው ነበር።

አንድ ክፍል ውስጥ፣ ተማሪ በማይቀመጥበት ወቅት ሻጋታ በሚሸትበት ክፍል፣ ሦስት ሰዎች ተቀምጠው ነበር። ርዕሰ መምህሩ፣ አንድ የወላጆች ተወካይና ከትምህርት ቢሮ የመጡ አንዲት ደግ ፊት ያላቸው ወይዘሮ ነበሩ። አጎቴ ቀድሞን ደርሶ ጥግ ላይ ቆሞ ነበር። አባዬ በቤታችን ቋንቋ ሲናገር ሰው ያስቅ ነበር፤ ቢሮ ሲገባ ግን አማርኛው አልቆ የሚሄድ ይመስል ቃል እየቆጠበ ነበር የሚናገረው።

ርዕሰ መምህሩ ወረቀታቸውን እያዩ «ጋሽ ገብሬ፣ ከዚህ ትምህርት ቤት ስንት ትንሽ፣ ስንት መካከለኛ፣ ስንት ትልቅ ይወጣል ብለው ነው ያሰቡት?» ብለው ጠየቁት።

አባዬ ጥያቄው አልገባውም። ፌስታሉን ከፍቶ አንዱን እሥር ጠረጴዛው ላይ አወጣና «ይሄ የወርቄ ቤት ነው» አለ። «ይቺ አስቴር ናት፤ ዘንድሮ በጣም ወርዳለች። ይሄ ታናሿ ነው፤ ትከሻው ሰፊ ነው፣ አባቱን ነው የመሰለው። ይሄ ደግሞ የባለ ወፍጮው...»

«አይደለም ጋሽ ገብሬ፤ ስሙን ሳይሆን መጠኑን ነው።»

«መጠኑ ይኸው ነው እኮ» አለና ሌላ እሥር አወጣ።

ሳቁ። በክፋት አልነበረም የሳቁት፤ የወላጆች ተወካዩ እንዲያውም የራሱን ልጆች ሲባጎ ፈልጎ አግኝቶ «ይሄ ልጅ ለካ እንዲህ አድጎብኛል» እያለ በቁም ነገር ይለካ ነበር። አጎቴ ግን አልሳቀም። ተራው ሲደርስ ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ ብሎ ሦስት ቁጥር በአንድ ትንፋሽ ተናገረና ጨረሰ።

ከዚያ ወይዘሮዋ «ልጅቷ ሁለቱንም ለብሳ እንያት» አሉ። ከጥቁር ሰሌዳው ጀርባ ሄጄ መጀመሪያ የአባዬን ለበስኩ። ለዕድገት የተሰፋ ስለሆነ ከጉልበቴ አልፎ ወርዶ፣ አምስት ጣት እጥፋቱ ከብዶ ግርጌውን እንደ ደወል ያወዛውዘው ነበር። ቀጥሎ የአጎቴን ለበስኩ። ልኬ ነበር። ከኋላው ዚፕ ነበረው፤ እስከዚያን ቀን ዚፕ ያለው ልብስ ለብሼ አላውቅም ነበር፤ ወይዘሮዋ ራሳቸው ሲስቡልኝ የሰማሁት ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ትከሻዬን ያዝ አድርገው «የኔ ቆንጆ፣ አንቺ የቱን ትወጃለሽ?» አሉኝ።

እኔ ሲጠይቁኝ ጠያቂውን ደስ የሚያሰኘውን መልስ የምፈልግ ልጅ ነበርኩ፤ አሁንም ያው ነኝ መሰለኝ። ፊታቸውን አየሁ። የትኛው መልስ ደስ እንደሚላቸው ያወቅሁ መሰለኝ። ለብሼው የነበረውን፣ የአጎቴን ቀሚስ፣ በጣቴ ነካሁ። ወይዘሮዋ ፈገግ ብለው ወረቀታቸው ላይ የሆነ ነገር ጻፉ። ወደ አባዬ ስዞር ሲባጎዎቹን እንዳይጠላለፉ አንድ በአንድ እየጠቀለለ ወደ ፌስታሉ ይመልስ ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ ቀሚሱን በብብቱ ይዞ፣ ዝናብ ሳያገኘን ፈጥነን ሄድን። ገበያው ጋ ሲደርስ ሸንኮራ ገዝቶ በጉልበቱ ሰብሮ ግማሹን ሰጠኝ። ለእማዬ «አልሆነም» ብቻ አላት። እኔ የሸንኮራውን ምጣጭ ይዤ ጓሮ ሄጄ እንሰቱ ሥር ተቀመጥኩ።

መስከረም ላይ ዩኒፎርሙ ከቦንጋ በመኪና ተጭኖ፣ ሦስት መጠን ሆኖ መጣ። መጀመሪያ ሁሉም ደስ አለው፤ የሚያብረቀርቅ ነበር፣ ዋጋውም ትንሽ ይቀንስ ነበር። ዋጋው የቀነሰው በምን እንደሆነ የታየው በዓመቱ ነው። እናቶቹ እንደ ልማዳቸው ልብሱን ይዘው በረንዳችን መጡ፤ አባዬም ግርጌውን ገልብጦ አየ። እጥፋት የለም። ከጫፉ ላይ ጨርቁ በመኪና ታስሮ ያልቃል።

እትዬ ወርቄ የአስቴርን ቀሚስ ይዛ «ትንሽ አውርድልኝ እንጂ ጋሽ ገብሬ» ስትለው፣ «ከየት ላውርድልሽ ወርቄ? የሚወርድ ነገር አልተዉልኝም» አላት።

«ታዲያ ልጄን ቆርጬ ላሳጥራት?»

አባዬ ሳቀና፣ ከሳጥን ሥር ከድሮ ጨርቅ የተረፉ ቁራጮችን አወጣ። ሰማያዊ ናቸው እንጂ ሰማያዊያቸው ያው አልነበረም። ከአስቴር ቀሚስ ግርጌ አራት ጣት የሚሆን ጨርቅ ቀጠለበት። ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ ቅጥያ ቅጥያ ሆነ፤ ቁራጩ ሲያልቅ ጥቁር፣ ጥቁሩ ሲያልቅ ግራጫ ይቀጥል ነበር። በመስከረሙ ሰልፍ ላይ ስንቆም ዓይኔን ወደ ታች ሳደርግ ሁሉም ነገር ግርጌያችን ላይ ተጽፎ አየሁት። የመምህራኑና የነጋዴዎቹ ልጆች አዲስ ገዝተው ንጹሕ ግርጌ ነበራቸው፣ የተቀረነው ባለ ቅጥያ ነበርን። ድሮ ሁላችንም መስመር ነበረን፤ አሁን ቅጥያ ያለው ግማሻችን ብቻ ነበር። አስቴር ቅጥያዋን በደብተሯ ለመከለል ጎንበስ እያለች ትቆም ነበር፤ ያቺ በሁለት ጣት የምትበልጠኝ ልጅ ከእኔ አጥራ ታየችኝ። የካቲት ላይ «ዩኒፎርም ወጥ መሆን አለበት፤ ቅጥያ ያለው አይገባም» ተብሎ ተነገረ። እትዬ ወርቄ አዲስ እስክትገዛ አስቴር ሦስት ሳምንት ቤት ዋለች። አባዬም ከዚያ በኋላ ቅጥያ አልቀጠለም።

አጎቴ በየበዓሉ «ጋሼ፣ ና ከእኔ ጋር ሥራ» ይለው ነበር። አባዬ ሁለት ዓመት ሙሉ «እስቲ ይህችን ክረምት ልይ» እያለ ቆየ። ሰባተኛ ክፍል ሆኜ፣ ቡና ለቀማው አልቆ ማንም ኮት ሊያስለካ ባልመጣበት ታኅሣሥ፣ የመኪናው ቀበቶ ተበጠሰ። ቀበቶው የሚገኘው ቦንጋ ነበር። አባዬ የተበጠሰውን ይዞ ሲያገላብጠው ቆየና፣ ሁሉንም ነገር የጨረሰ ሰው በሚመስል ድምፅ «ቀበቶ ፍለጋ የሚኬድ ከሆነ መኪናዋንም ልውሰዳት» አለ። የመኪናውን ራስ በብርድ ልብስ ጠቅልለው አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ጫኑለት። ፌስታሉንም ያዘ። እማዬ አብራው እንድትሄድ አጎቴ ሲለምናት «እንሰቴን በምን ልጫነው? በባጃጅ?» ብላ እምቢ አለች። ያ እንሰት ባይኖር ያን ዓመት ምን እንበላ እንደነበር እሷ ብቻ ነበር የምታውቀው። አባዬ በየአሥራ አምስት ቀኑ እየመጣ፣ እሑድ ከሰዓት ተመልሶ ይሄድ ነበር። በረንዳው ባዶ ሲሆን የዝናቡን ድምፅ ለብቻው መስማት ጀመርኩ። አልወደድኩትም።

ዘጠነኛ ክፍል ስገባ እኔም ወደ ቦንጋ መጥቼ ከአባዬ ጋር ከሱቁ ጀርባ ባለች ክፍል መኖር ጀመርኩ። ያኔ ነበር ሲሠራ ያየሁት። ስድስቱ መኪናዎች በረድፍ ተቀምጠው፣ አንዱ እጅጌ፣ አንዱ ጎን፣ አንዱ ዚፕ ይሰፋል፤ አባዬ ኮሌታ ብቻ ነበር የሚሰፋው። ሙሉ ልብስ ሰፍቶ የሚጨርስ ሰው፣ ልብሱ የማን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው፣ ቀኑን ሙሉ ኮሌታ ሰፍቶ ከፊቱ ይከምራል። የአጎቴ ልጆች በግል ትምህርት ቤት ይማሩ ነበር፤ በአንድ ግቢ እየኖርን፣ አያቶቻችን አንድ ሆነው፣ ማታ ማታ በሁለት ቤት ሁለት ዓይነት ራት ይበላ ነበር። አጎቴ አባዬን አንድም ቀን አዋርዶት አያውቅም፤ እስከ ዛሬ «ጋሼ» ነው የሚለው። ደንበኛ ሲመጣ ግን «ሠራተኛዬ» ማለቱ አይቀርም። አጎቴም ዘንድሮ ዘንድሮ ደክሞታል፤ ሰው ሱቁ ገብቶ ልብሱን እያገላበጠ «የአዲስ አበባ ስፌት የለህም?» ይለዋል።

በዚህ ዓመት እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ፣ በአንድ ትምህርት ላይ መምህራችን፣ ሥራና ገንዘብ ወደ ትልቅ ከተማ ሲሰበሰብ ቀድሞ የደረሰው እንዴት እንደሚያድግ፣ ዳር የቀረው እንዴት እየሳሳ እንደሚሄድ አስተማረን። በጥንቃቄ ጻፍኩት፤ በፈተናም ላይ በደንብ መለስኩት። የአጎቴን ጠባብ ክፍል ከውስጡ አገኘኋት፣ መንገዱንም አገኘሁት። እኔ ባልጠቁም ኖሮም የሺሺንዳ ዩኒፎርም ወደ ቦንጋ መምጣቱ እንደማይቀር ገባኝ። ግን የገባኝን ያህል አልቀለለኝም።

ዩኒቨርሲቲ ልገባ ስጠባበቅ በነበርኩበት ባለፈው ክረምት መጨረሻ ሱቁ ውስጥ ቁልፍ እየተከልኩ እረዳቸው ነበር። ደካ በሚባል ገጠር ላሉ ትምህርት ቤቶች የሚሄድ ልብስ ነበር፤ ሚኒባሱ ደጅ ላይ ቆሞ ረዳቱ «ቶሎ በሉ እንጂ፣ ዝናቡ መጣ!» እያለ ይጮህ ነበር። ሌሎቹ ለምሳ ወጥተው እኔና አባዬ ብቻ ነበርን። ያን ሁሉ ዓመት ያልወጣኝ ነገር እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም።

«አባዬ፣ ያን ጊዜ... ናሙናው ጊዜ፣ የአጎቴን ነው የነካሁት።»

ከኮሌታው ቀና አላለም። «አውቃለሁ። እዚያው ነበርኩ እኮ።»

«ለምን ምንም አላልከኝም?»

«ምን ልበልሽ? ዚፕ ነበረው። እኔንም ቢጠይቁኝ እሱን ነበር የምለው።» ክሩን በጥርሱ በጠሰና «ደግሞ አንገቱን አይተሽው ነበር? አንገቱን ያስተማርኩት እኔ ነኝ» አለ።

ሊያጽናናኝ ይሁን፣ እውነቱን ይሁን፣ ወይስ ደክሞት ነገሩን ሊዘጋው ይሁን አላውቅም። ተነሥቶ የደካውን ልብስ አሥር አሥሩን እየቆለለ ያሥር ጀመር። ሲባጎ አልቆ ነበር። ከመኪናው ሥር ያንን የድሮ ፌስታል ጎትቶ አወጣው። የሺሺንዳ ልጆች ልክ የነበረበት ነው፤ ባለፉት ዓመታት ማሠሪያ ባጠረ ቁጥር አንድ አንድ እያለ እየወጣ፣ እነአስቴር፣ እነታናሿ፣ እነባለ ወፍጮው ልጆች ሁሉ በዚህ መንገድ ልብስ አሥረው ሄደዋል። ገለበጠው። አንድ ብቻ ወደቀ፤ ሰባት ቋጠሮ ያለው።

«አባዬ፣ እሱ እኮ የኔ ነው።»

በጣቱ ከላይ እስከ ታች ዳሰሰው፤ ከንፈሩ ቋጠሮዎቹን ሲቆጥር አየሁት። «አንቺ ጨርሰሻል» አለኝ፤ «ከእንግዲህ አትረዝሚም።» ከዚያ መካከለኛ የሚባሉትን አሥር ቀሚሶች በእሱ ሁለት ጊዜ ጠምጥሞ፣ በጉልበቱ ተጭኖ አሠራቸውና ለረዳቱ አቀበለው።

አሁን በጠዋት ወደ ክፍል ስሄድ የትምህርት ቤት ልጆችን በሰልፍ ሲቆሙ አያለሁ፤ የአንዱ እጅጌ ክርኑ ላይ ቀርቷል፣ የሌላው መዳፉን ውጦታል፤ ሁሉም ንጹሕ ግርጌ አላቸው። ድሮ እኛ ስንለብስ አንድም ልብስ ልካችን አልነበረም፣ ሁሉም ለሚቀጥለው ዓመት የተሰፋ ነበርና፤ ግን አንድ ሰው ልካችንን ያውቅ ነበር። እማዬ ሺሺንዳ እንሰቷን እየጠበቀች ነው፤ በረንዳው ላይ ምስማሮቹ እንዳሉ ናቸው፣ ጃንጥላ ትሰቅልባቸዋለች። አባዬ ኮሌታ ይሰፋል። ሽታው ሲመጣብኝ የምቆመው ለዚህ ይሆናል። ሚኒባሱ የመጨረሻዋን ሲባጎ ይዞ ወደ ደካ የሄደው ቅዳሜ፣ ነሐሴ ሃያ ስምንት ቀን ነበር።